አድራሻዋን የደበቀችው ማንአለብሽ

ፈሪ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ ጎረቤቴ እንደ ማንአለብሽ ያለ ግን አላየሁም። ጅብ አትፈራም፤ ሽፍታ አትፈራም፤ ከደንቢያ ተነስታ ሱዳን ድረስ በእግሯ የተጓዘች ሴት ናት። የምትፈራው የፖስታ ሳጥን ነበር።

እኔ ዘቢደር እባላለሁ። በ1986፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሃይፋ አጠገብ ባለችው በክርያት ያም ከተማ ከባሕሩ አጠገብ ከተሠሩት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ እኖር ነበር። ማንአለብሽ ሃሊሳ ከሚባለው የሃይፋ ሰፈር ለቃ ፊት ለፊቴ ያለውን ቤት ስትይዝ ዕቃዋን ደረጃ ለደረጃ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አገሩን ቀድሜያት ስለገባሁ ዕብራይስጥ እሞካክራለሁ፤ ሥራ ያስገባኋትም እኔው ነኝ። ወደቡ አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ አብረን ወለል እናጥብ ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ "እትዬ" እላታለሁ፤ ስቆጣ ግን እትዬነቷ ይረሳኛል። እኔ ደግሞ ቶሎ ነው የምቆጣው።

የገባች ዕለት ደረጃው ሥር የተደረደሩትን የፖስታ ሳጥኖች አሳየኋት። የሷ ሳጥን ላይ ከሷ በፊት የኖሩት የሮማንያ ሰዎች ስም ተለጥፎበት ነበር፤ አብራሞቪች ይላል።

"ነገ ይህን ልጠን ያንቺን እንጽፍበታለን" አልኳት። "ከዚያ ምስራድ ሃፕኒም ሄደን ተዑዳት ዜሁትሽ ላይ አድራሻሽን እናስቀይራለን። ዶአርም ሄደን ሃሊሳ የሚመጣልሽ ደብዳቤ ወደዚህ እንዲዞር እናስመዘግባለን።" የአገር ግዛቱን መሥሪያ ቤት፣ መታወቂያውንና ፖስታ ቤቱን እዚህ ያለ የኛ ሰው ሁሉ የሚጠራቸው በዕብራይስጥ ስማቸው ነው።

"ተይው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ስሙን። አብራሞቪች ይሁን። ምን አደረገኝ?"

ደክሟት ነው ብዬ ሳቅሁ። በማግሥቱ ጠየቅኋት፤ በሳምንቱም ጠየቅኋት። "ቤሰደር፣ ቤሰደር" ትለኛለች። ቤሰደር ማለት እሺ ማለት ነው፤ እሷ ዘንድ ግን "ተይኝ" ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ምክንያቱን የነገረችኝ ቀስ በቀስ ነው። አዳሙ የሚባል አንድ ልጅ አላት። ባሏ ገና አገር ቤት ሳሉ ነው የሞተው፤ አሮጊት እናቷን ደንቢያ ትታ ልጇን ይዛ ሱዳን ገባች። ገዳሪፍ አጠገብ ካለው የስደተኛ ሰፈር ሆነው ተራ ሲጠብቁ፣ አዳሙ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ እርሻ ወጣ። እሱ ሳይመለስ መኪናው መጣ። "አንቺ ውጪ፤ እሱ በሚቀጥለው ይደርሳል" አሏት ሽማግሌዎቹ። ወጣች። የሚቀጥለው መኪና ግን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ "አለ" የሚላትም፣ "የለም" የሚላትም ሰው አልገጠማትም።

"ታዲያ ልጁ ቢጽፍልሽስ?" አልኳት። "የት ብሎ ይላክልሽ? ለአብራሞቪች?"

"የሚመጣው የሱ ደብዳቤ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" አለችኝና የድንቄን ነገር አወራችኝ።

ድንቄ ሃሊሳ ጎረቤቷ ነበረች። ባሏ ሱዳን ውስጥ በወባ ሞተ። ወሬው ሃሊሳ የደረሰው ብርዱ ሳይወጣ ነው፤ ለድንቄ የተነገራት ግን ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። በኛ ደንብ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ እስኪሰባሰብ፣ ሰውየውም አቅም እስኪያገኝ ይደበቃል፤ ከዚያ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ነጫቸውን ለብሰው ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። እስከዚያው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንአለብሽም ታውቅ ነበር። ከድንቄ ጋር በአንድ ትሪ በልታለች፤ "ባልሽ ደህና ነው፣ በሚቀጥለው ይመጣል" ብላታለች፤ ድንቄ ለባሏ ሹራብ ስትገዛ ቀለሙን አብራ መርጣለች።

"ያኔ ፊቴ እንዴት እንደነበር አውቃለሁ፣ ዘቢደር" አለችኝ። "እንዴት እንደሳቅሁላትም አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ሃሊሳ ያሉት ሴቶች ሁሉ እንደዚያ የሚስቁልኝ መሰለኝ። እዚህ ግን የት እንዳለሁ የሚያውቅ የለም። ቤቴን ካላወቁት በሬን አያንኳኩም። በሬን ካላንኳኩ ልጄ አለ።"

ይህን ስሰማ አዘንኩላት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። "አንቺ ሴትዮ አብደሻል! ሞት ፖስተኛ ነው እንዴ፣ አድራሻ ሲያጣ የሚመለሰው?" ብዬ ጮህኩባት። እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ወለሉን ታያለች።

ፍርሃቷ ቤት ተቀምጦ የሚውል ፍርሃት አልነበረም፤ አብሯት ሥራ ይወጣል። አውቶቡስ ውስጥ የኛ ሰዎች ድንገት ወሬያቸውን ካቆሙ በሚቀጥለው ፌርማታ ትወርዳለች። "አይዞሽ" የሚላት ሰው ጠላቷ ነው። ዳቦ ጨምሮ የሚሰጣትን፣ መቀመጫ የሚለቅላትን፣ ጤናዋን ደጋግሞ የሚጠይቃትን ሁሉ ትጠረጥራለች። አንድ ቀን የፋብሪካው አለቃችን፣ የሞሮኮ ሰው ነው፣ "ደክሞሻል፤ ዛሬ ቀደም ብለሽ ግቢ" ቢላት መወልወያዋን ጥላ ክንዴን ጨመደደችኝ። "ምን ሰምቶ ነው?" አለችኝ። ሰውየው አዳሙ የሚባል ልጅ ዓለም ላይ መኖሩን እንኳ አያውቅም! ቀኑን ሙሉ አልበላችም፤ እኔም ስስቅባት ዋልኩና ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩላት።

በሚቀጥለው ዓመት በበጋ አስጨንቄ እሺ አሰኘኋት። ከሥራ ስንወጣ አውቶቡስ ይዘን ሃይፋ፣ ምስራድ ሃፕኒም ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነበር። ወደ መስኮቱ በተጠጋን ቁጥር ፊቷ እየገረጣ፣ መታወቂያዋን በመሐረብ ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከኋላዬ ተለጥፋ ትራመዳለች። ተራችን ደረሰ። መስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ማስቲካዋን እያኘከች፣ "የድሮው አድራሻ?" አለች።

"ሃሊሳ" አልኩ።

"አዲሱስ?"

አፌን ልከፍት ስል ከኋላችን፣ "ማንአለብሽ! አንቺ ነሽ?" የሚል ድምፅ መጣ። አያ ታፈረ ነበሩ፤ የሃሊሳ ጎረቤቷ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ሁለት እጇን ይዘው፣ እንደምን ከረምሽ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው እያሉ እንደ አገራችን ወግ ሰላምታውን አወረዱት። ከዚያ ጠየቁ። "ወዴት ገባሽ? ቤትሽ የት ነው አሁን?"

ማንአለብሽ እጇን መንጭቃ ወጣች። ልጅቷን "አንዴ ጠብቂን" ብዬ ተከትያት ብሮጥ ከደረጃው ሥር ግድግዳ ተደግፋ አገኘኋት፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አየሻቸው? እጄን አልለቅ አሉ!"

"ሰላምታ ነው እኮ፣ እትዬ!"

"ድንቄንም እንደዚያ ነበር የምይዛት።"

ወደ ላይ አልመለስ አለችኝ። መታወቂያዋ ላይ ሃሊሳ እንደተጻፈ ቀረ፤ ሳጥኗም ላይ አብራሞቪች። እኔም እስከ ወደቡ ፌርማታ ድረስ አላናገርኳትም።

ክረምቱ መጣ። እዚህ ዝናቡ ከብርድ ጋር ነው የሚመጣው። በዚያ ክረምት አንድ ሐሙስ፣ ማንአለብሽ ቀድማኝ ወደ ቤት ሄዳ፣ ከሥራ ወጥቼ ፌርማታው ላይ ብቻዬን ቆሜ ሳለሁ ዕብራይስጥ አብራኝ የተማረችው ባይነሽ መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"ከለቅሶ ነው የመጣሁት፤ ከአፉላ። አንድ ልጅ አለ፣ ከሱዳን በቅርቡ የመጣ። እናቱን ቢያፈላልግ ለካ ሞታለች። እሷም የደንቢያ ሰው ነበረች፤ ማንአለብሽ ነው የምትባለው።"

"ማን ነው መሞቷን የነገረው?"

"ማንም አልነገረውም፤ ያሳዝናል የምልሽ እሱን ነው። ደብዳቤ ቢያስጽፍላት ከሃሊሳ ተመለሰበት። የሃሊሳን ሰዎች ቢጠይቅ 'ለቃለች፤ የት እንዳለች አናውቅም' አሉት። አያ ታፈረን ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ 'ባለፈው በጋ ሃይፋ አግኝቻት ነበር፤ ከስታለች፣ ጤናም አልመሰለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ አይዞህ፣ ትገኛለች' አሉት። 'አይዞህ' ሲባል ሰው ምን ይገባዋል? 'እየደበቃችሁኝ ነው፤ ማወቄን እወቁልኝ' ብሎ ራሱን ተላጨና መሬት ተቀመጠ። ሰዎቹም እርግጡን አያውቁም፤ ልጁ እያለቀሰ ግን ማን 'አልሞተችም' ብሎ ይማልለታል? ሁላችንም ሄደን አለቀስን።"

"አዳሙ ነው ስሙ?"

"አዎ። ታውቂዋለሽ?"

"ባይነሽ" አልኳት፣ "ሴትዮዋ ዛሬ ጠዋት ከኔ ሽንኩርት ተበድራለች።"

ባይነሽ አፏን በሻሿ ያዘች። መንገዱን ተሻግረን ከሕዝብ ስልክ ወደ አፉላ ደወልን፤ ለቅሶውን የያዙትን ቄስ ባየህን አስጠራን። ቄሱ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። "ልጄ፣ ብቻዋን ላለች ሴት እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አይነገርም፤ ደስታም ይገድላል" አሉኝ። "ምንም እንዳትነግሪያት። ነገ በማለዳ እኛው እንመጣለን። ቤቷ የት ነው?"

መንገዱን፣ የሕንጻውን ቁጥር፣ መግቢያውን፣ ፎቁን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። "ሳጥኑ ላይ አብራሞቪች ነው የሚለው፤ እንዳትሳሳቱ" አልኳቸው። የማንአለብሽ አድራሻ ለሰው ሲነገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት፤ ሽንኩርት ልትመልስ መጥታ። ፊቴን ለማስተካከል ሞከርኩ። የቄሱን ትእዛዝ እንዳላፈርስ እፈራለሁ፤ ደግሞ በሆዴ የያዝኩት ደስታ ነው፣ ሊፈነዳብኝ ይደርሳል። ፈገግ አልኩ። ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ።

"ምን ሰማሽ?" አለችኝ።

"ምንም አልሰማሁም።"

"ዘቢደር፣ ይህን ፊት አውቀዋለሁ። የኔ ፊት ነው።"

እኔ መቼም ምስጢር የሚያድርብኝ ሰው አይደለሁም። "መጣ!" አልኳት። "አዳሙ መጥቷል! አፉላ ነው ያለው! ልጅሽ ደህና ነው፣ እትዬ!"

እልል የምትል መስሎኝ ነበር። ድምፅ ሳታሰማ በሬን ተደግፋ እዚያው ቁጭ አለች። "ደህና ነው" አለች ቀስ ብላ። "ድንቄንም እንዲሁ ነው ያልናት።" ማልኩላት፤ በአባቴ አጥንት ማልኩላት፤ ለመንኳት። በእንባ አየችኝና፣ "አንቺ እንኳ አትዋሺኝም ብዬ ነበር" ብላኝ ተነስታ ሄደች። በሯን ስትቆልፍ ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ባንኳኳም፣ ብጠራትም አልከፈተችልኝም።

ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ የመኪና ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በመስኮት አየሁ። ቄስ ባየህ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ጭራቸውን እንደያዙ ቀድመው ወረዱ፤ ከኋላቸው አያ ታፈረ፣ ከዚያ ሌሎች ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ነጭ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ እያሉ። ለደስታ የመጣ ሰው እንዲህ ይራመዳል? ነገሩን የማውቀው እኔ እንኳ ፍርሃት ወረረኝ። ከፊት ለፊቴ ቤት ከባድ ዕቃ ሲጎተት ተሰማኝ። ማንአለብሽም በመስኮት አይታለች። አልጋዋን ወደ በሩ እየገፋች ነበር።

ሮጬ ወጣሁ። ቄሱ ደረጃውን ጨርሰው በሩን አንኳኩ።

"ማንአለብሽ፣ ልጄ፣ ክፈቺ። እኔ ቄስ ባየህ ነኝ።"

"አልከፍትም!" አለች ከውስጥ። "አልሰማሁም! ምንም አልነገራችሁኝም! ሂዱልኝ!"

"በሰላም ነው የመጣነው።"

"ሁልጊዜ በሰላም ነው የምትመጡት!"

ቄሱ ወደ እኔ ዞረው በቁጣ አዩኝ። "ነግረሻታል እንዴ?"

"ነግሬያታለሁ፣ አባቴ፤ አላመነችኝም" አልኳቸው። ምን ልበል?

ያኔ ከውስጥ ለቅሶው ተነሳ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። "አዳሙ፣ አዳሙዬ፣ ሰሊጡ ውስጥ ጥዬህ የመጣሁት! መኪናው ላይ ወጥቼ የተውኩህ!" እያለች ደረቷን ስትመታ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። በየፎቁ በር ተከፈተ፤ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ፖሊስ ልጥራ ወይ ትላለች።

ልጁን ድንገት እንዳታየው ብለው መኪና ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ለቅሶውን ሲሰማ ወርዶ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ራሱ የተላጨ ጎልማሳ ነው። መሃል ደረጃ ላይ ቀጥ አለ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። "ቄስ፣ 'አለች' ብላችሁ ለቅሶ ቤት ነው ያመጣችሁኝ?" አለ። የሷን መሞት በዓይኑ ሊያሳዩት ያመጡት መስሎታል። ሊመለስ ዞረ፤ አያ ታፈረ ክንዱን ያዙት። ያን ጊዜ ከበሩ ኋላ ስሙ ሲጠራ ሰማ። ድምፁንም አወቀው።

አንድ እጁን በሩ ላይ አደረገ። "እማ" አለ።

ለቅሶው ቆመ።

"እማ፣ እኔ ነኝ።"

አልጋው ሲጎተት፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲጎተት ሰማን። በሩ ገርበብ አለ። ማንአለብሽ ዓይኗን በክፍተቱ አስጠግታ ልጇን ከእግሩ ጀምራ ወደ ላይ አየችው፤ ራሱ ላይ ስትደርስ ክው አለች። "ማን ሞቶብህ ነው የተላጨኸው?" አለችው። ከዓመታት መለያየት በኋላ ለልጇ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

"አንቺ" አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔም አብሬ ስጮህ ነበር። ቄሱ "ተመስገን" እያሉ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ሩሲያዊቷ አሮጊት ነገሩ ሳይገባት አብራን ታለቅሳለች። ሽማግሌዎቹ ሰንበት ሳይገባ አፉላ ለመድረስ ተጣድፈው ሲሄዱ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ፤ እኔም ሻይ ላፈላ ብዬ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀረሁ። የሰው ነገር መስማት እወዳለሁ፤ ምን አደርግ።

የተላጨ ራሱን እየዳሰሰች፣ "ለቅሶዬ ላይ ማን መጣ?" አለችው።

"ብዙ ሰው መጣ። ከሃሊሳ፣ ከናታንያ፣ ከየትም መጡ።"

"አልቅሰው ነበር?"

"አልቅሰዋል። እኔ ግን፣ እማ፣ ያን ሁሉ ቀን መሬት ላይ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ሆነሽ ያዝ እንድታደርጊኝ የምመኘው አንቺን ነበር።"

ማንአለብሽ ጭንቅላቱን ጉያዋ ውስጥ አስገብታ ይዛው ቀረች። ከዚያ፣ "እኔ ነኝ የገደልኩህ፤ መርዶህን ስሸሽ አንተን ሸሸሁ" ስትል ሰማኋት። ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው።

እሑድ ጠዋት ከሥራ ቀርታ ምስራድ ሃፕኒም ሄደች፤ እኔን እንኳ አልጠበቀችም፤ ልጇን ይዛ ነው የሄደችው። ማታ ስመለስ ደረጃው ሥር አገኘኋቸው። አዳሙ በቢላዋ አብራሞቪችን እየላጠ ነው። አዲሱን ስም አንድ ሰው በዕብራይስጥ በካርቶን ላይ ጽፎላቸው ኖሯል፤ ለጠፉት። ከዚያ ሌላ ካርቶን አወጣችና "አሁን ደግሞ በአማርኛ ጻፍበት፤ ትልቅ አድርገህ" አለችው።

እኔ ሳቅሁ። "እትዬ፣ ፖስተኛው አማርኛ አያነብም እኮ!"

"ለፖስተኛው አይደለም" አለችኝ። "ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በሩ እንዳይጠፋቸው ነው። እናቴ ገና ደንቢያ ናት።"